የገደሉ ቤት ቆጠራ

የዩስራ ሬሳ ከመካው ሆስፒታል የወጣው በሞተች በዘጠነኛው ቀን፣ እሑድ ጧት ነበር። ከሬሳው ጋር አንድ ጥቁር ፌስታል አብሮ መጣ። ፌስታሉ ላይ «ሐበሻ፣ ሴት፣ ከገደል የወደቀች» የሚል የዓረብኛ ጽሑፍ ተለጥፎበታል። ስም አልነበረበትም።

የተረከበችው ሀምዲያ ናት። ሀምዲያ የባቲ ሰው ስትሆን ዛሂር በሚባለው አሮጌ የመካ ሰፈር ሃያ ሁለት ዓመት ኖራለች። ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ አላት፤ ከፊሏ፣ ማለትም ዋስ የሆነቻት አሠሪዋ፣ እሷው የምትጦራት አንዲት ዓረብ አሮጊት ናት። ሰው የሚያውቃት ግን በሌላ ሥራዋ ነው። በመካና በጂዳ ኢትዮጵያዊት ሴት ስትሞት ገላዋን የምታጥበው እሷ ናት። እስካሁን ከመቶ በላይ አጥባለች። በጋለ ካውያ የተተኮሰ ክንድ አይታለች፤ ከአራተኛ ፎቅ የወደቀ ወገብ አይታለች። ያየችውን ግን ለማንም ተንፍሳ አታውቅም። የአጣቢ ደንብ ነው፤ በሟች ገላ ላይ የታየ ነገር ከማጠቢያው ክፍል አይወጣም።

የዚያን ቀን ልታግዛት የገባችው የዩስራ ጓደኛ ዘሀራ ነበረች። ሁለቱ ልጆች ጂዳ፣ ሳፋ ሰፈር፣ አንድ ክፍል ተጋርተው፣ ኢቃማ ሳይኖራቸው በየሰው ቤት እየሠሩ ይኖሩ ነበር። ዘሀራ ውሃውን በጆግ እየቀዳች ታፈስላታለች።

ሀምዲያ ክንዶቹ ላይ ስትደርስ ቆመች።

በሁለቱም ክንዶች፣ ከክርን በላይ፣ የበለዙ ምልክቶች ነበሩ። በውጭ በኩል አራት አራት፣ በውስጥ በኩል አንድ አንድ። የራሷን እጅ ዘርግታ በምልክቶቹ ላይ ለካችው። ጣቶቿ አልደረሱም።

«ዘሀራ፣ እጅሽን እስቲ እዚህ ላይ አድርጊው» አለች።

ዘሀራ እያለቀሰች አደረገች። የሷ ደግሞ ይብሱን አነሰ።

«እንዴት ወደቀች ነው ያሉት?»

«በስልኳ ራሷን ፎቶ ስታነሳ። የወሰደን ሹፌር፣ ጋሼ ሳዲቅ፣ ለሹርጣ፣ ለፖሊሱ፣ እንደዚያ ብሎ ነው ያስመዘገበው።»

ሀምዲያ ፌስታሉን ፈታችው። ጎኑ የተቀደደ ጥቁር ዓባያ፣ የአንድ እግር ጫማ፣ ደም የደረቀበት ቀይና ነጭ የወንድ ራስ መሸፈኛ ሸማግ፣ ወገብ ላይ የምትታሰር ትንሽ ቦርሳ። የቦርሳዋ ዚፕ እስከ ጥግ ተዘግቷል። ስትከፍተው ስልኩ ውስጥ ነበር።

«ስልኩን አንስቶ እዚህ የከተተው ማነው?»

«ማንም። አብሮን የነበረው አደም ነው ያገኛት፤ ራሷ ተራቁቶ ስላየ ሸማጉን ጣል አደረገላት እንጂ ገላዋን አልነካም። ቦርሳዋን ሁልጊዜ ከዓባያዋ ሥር ነው የምታስረው።»

«ራሷ ለምን ተራቆተ? ሻርፗ የት ሄደ?»

ዘሀራ መሬት መሬት አየች። «ነፋስ ወስዶት ይሆናላ።»

ሀምዲያ ለጊዜው ተወቻት። አጥበው ጨረሱ፣ ከፈኗት፤ ከዙሁር ሶላት በኋላ ተቀበረች።

ማታውን ሳይጠብቁ፣ ከቀብሩ በቀጥታ፣ ሀምዲያ ልጅቱን ወደ ክፍሏ ይዛት ሄደች። ሩዝ አቀረበችላት፤ አልበላችም።

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አለቻት። «አትቸኩዪ።»

«የወሰድኳት እኔ ነኝ፣ ሐጂያ። ገደል ናፈቀኝ ትል ነበር። አገሯ ወረባቦ ነው፤ የቤታቸው ደጃፍ ገደል ነው። "ጂዳ ሜዳ ነው፣ ዓይኔ የሚያርፍበት አጣ" ትለኛለች። አደም ደግሞ ከባሕራ ወዲያ ከሸለቆው በላይ ከገደል የተፈለፈለ ቤት አለ፣ የጥንት ሰዎች ጣዖት ያመልኩበት የነበረ፣ ብሎ ነግሯት ነበር።»

አደም የዩስራ የአገር ልጅ ነው። ባሕራ ውስጥ የብረት በር የሚሠራበት ወርሻ በቀን ሥራ ያድራል። ሊያገባት ጠይቋት ነበር።

«ምን አለችው?»

«እናቴን ሳላይ አላገባም አለችው። የዚያኑ ዕለት ጧት በስልክ ተጣልተዋል። መኪና ውስጥም አልተነጋገሩም።»

መኪናውን ያገኘችው ዘሀራ ናት። ሳዲቅ አርባ አምስት ዓመት ግድም የሚሆነው፣ ኢቃማ ያለው ሹፌር ነው። ወረቀት የሌላቸውን ሴቶች በነጭ ሚኒባሱ ወደ ሥራ ያመላልሳል፤ ሰው ሲታመም ሐኪም ቤት ያደርሳል፤ ሁሉም ጋሼ ይለዋል። ዩስራ ግን ከሞተችበት ዓርብ በፊት አይታው አታውቅም። ሚስቱ ሀሰናም አብራቸው መጥታ ነበር። ጉልበቷን ስለሚያማት ከመኪናው አልወረደችም። ወደ ገደሉ ቤት የወጡት ዩስራ፣ ዘሀራ፣ አደምና ሳዲቅ ናቸው።

«እዚያ ላይ ምን ሆነች?»

«የውስጠኛው ክፍል ጨለማ ነው። ዩስራ ጨለማ አትችልም፣ ሐጂያ፤ መብራት ሳናጠፋ ነው የምንተኛው። የመን ውስጥ ደላሎቹ መስኮት የሌለው መጋዘን ውስጥ አራት ወር ዘግተውባታል። ወንድሟ ሲራጅ እዚያው ነው የሞተው። ሰዎቹ ጨለማን ጠብቀው ስለሚገቡ የአንዳቸውንም ፊት አላየችም። እኛ ስልካችንን አብርተን ነበር የገባነው፤ ጋሼ ሳዲቅ ለጨዋታ አጥፉት አለን። ወዲያው ሮጣ ወጣችና አስመለሳት። እሱ "ሀሰና ብቻዋን ናት" ብሎ ወረደ። አደም የጥንቱን የውሃ ጉድጓድ ልየው ብሎ ወደ ላይ ወጣ። እኔ አብሬያት ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይታ "ተዪኝ፣ ሄደሽ ፎቶሽን አንሺ" አለችኝ። ተውኳት።»

ዘሀራ ሩዙን ከፊቷ ገፋችው።

«ስትጮህ ሰማሽ?»

«አልጮኸችም። ወላሂ አልጮኸችም። ብትጮህ እሰማት ነበር፤ ቅርብ ነበርኩ።»

«አሁን ስለ ሻርፑ ንገሪኝ።»

«ሲያስመልሳት ጥቁሩ ሻርፗ ተበላሸ። ጋሼ ሳዲቅ ከወረደ በኋላ፣ አደምም ከሄደ በኋላ፣ ከቦርሳዬ ሌላ አውጥቼ አለበስኳት። አረንጓዴ፣ ሐር ነው። የማዳሜ ነው፣ ሐጂያ። ከሚተኮሰው ልብስ መሐል አንስቼ ለአንድ ቀን ልለብሰው ነበር። እስካሁን ቤቱን እያመሰችው ነው። ለማንም አልተናገርኩም፣ ለአደም እንኳ። አይንገሩብኝ።»

«ለማን እነግራለሁ?» አለች ሀምዲያ።

እውነትም ለማን እንደምትነግር አታውቅም ነበር።

ረቡዕ ወደ ባሕራ ሄደች። አደምን ከወርሻው በስተጀርባ የብረት ፍቅፋቂ ሲጠርግ አገኘችው። ሃያ አምስት ዓመት ሳይሞላው ጎብጧል። ሰላም ሊላት ቀኝ እጁን ሲዘረጋ ዓይኗ እዚያው ቀረ፤ የመሐል ጣቱና የቀለበት ጣቱ የሉም።

«መቼ ነው?»

«አምና። መቁረጫው ነው የበላኝ።»

«ሰዎች አንተን ይጠረጥራሉ። ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ጠዋት ጮኼባታለሁ። "እናቴን እናቴን አትበዪ፣ እዚህ ሆነሽ እናትሽን አታዪያትም" አልኳት። የመጨረሻ ቃሌ እሱ ነው።» መጥረጊያውን መልሶ አነሳ። «ይጠርጥሩኝ።»

የወርሻው ፓኪስታናዊ ሹፌር ብረት ሊያደርስ ወደዚያ አቅጣጫ ይሄድ ስለነበር ከሸለቆው አፍ አደረሳቸው። ከዚያ ወዲያ በእግር ነው። ሀምዲያ ዓባያዋን ሰብስባ በድንጋዩ መሐል ቀስ እያለች ወጣች። ሦስት ጊዜ አረፈች።

የገደሉ ቤት በር ከሰው ቁመት ሁለት እጥፍ ይሆናል። በግራና ቀኙ ጣዖቶቹ ይቆሙባቸው የነበሩ ባዶ ጎድጓዳ ቦታዎች ተፈልፍለዋል። የበሩን ጉበን የነካው ሰው ብዛት ድንጋዩን አልስልሶታል። ከበሩ ፊት ያለው ጠፍጣፋ ቦታ አራት እርምጃ ይሰፋል፤ ከዚያ ወዲያ ገደል ነው።

«የት ነበር የተቀመጠችው?»

አደም ግድግዳውን አሳያት። ሀምዲያ እዚያው ቁጭ አለች፤ ጀርባዋን አስደገፈች። ከመኪናው የሚመጣው መንገድ በአንድ ትልቅ ቋጥኝ ሥር ይዞራል። ከቋጥኙ በስተጀርባ የቆመ ሰው ደጃፉን ያያል፤ እሱን ግን ዘሀራ ፎቶ ካነሳችበትም ሆነ አደም ከወጣበት የሚያየው የለም። ተነስታ እስከ ጫፉ ተራመደች። አራት እርምጃ። ያስመለሳት ልጅ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ቆልፋ አራት እርምጃ ወደ ገደል የምትሄድበት ምክንያት አልታያትም።

ወደ ውስጥ ገቡ። ሁለተኛው ክፍል ውስጥ ሀምዲያ የስልኳን መብራት አጠፋች። ጨለማው ወፍራም ነበር።

«አደም» አለች። ድምፅዋ ከአራቱም ግድግዳ ተመልሶ መጣባት፤ የሷ አይመስልም። ፊት የሌለው ድምፅ ነበር። «እዚህ ቆማችሁ ሳለ ምን ተባለ? አንድም ቃል ሳታስቀር።»

«ጋሼ ሳዲቅ ነው የተናገረው። መንገድ ላይ ቁርዓን ከፍቶ ነበርና ብዙም አላወራም ነበር። እዚህ ግን መብራት ካጠፋን በኋላ ጮክ ብሎ "ተቆጠሩ!" አለን። ለቀልድ። እኔ "አንድ" አልኩ። ዘሀራ እየሳቀች "ሁለት" አለች። ዩስራ…»

«ዩስራስ?»

«"አሥራ ሰባት" አለች። ሳቅንባት። አራት ሆነን አሥራ ሰባት ከየት መጣ ብለን ሳቅንባት፣ ሐጂያ። ከዚያ ነው ሮጣ የወጣችው።»

«ሳዲቅም ሳቀ?»

አደም በጨለማው ውስጥ አሰበ። «አልሳቀም» አለ።

ሀምዲያ የስልኳን መብራት አብርታ ቀድማ ወጣች።

ባሕራ ተመልሳ፣ ወደ መካ እንዲያደርሳት ለሳዲቅ ደወለችለት። በዚያው ያልፍ ስለነበር በግማሽ ሰዓት መጣ። ከኋላ ተቀመጠች። የመካን መንገድ እንደያዙ፣ «አጥቤ ቀበርኳት» አለችው።

«አላህ ምንዳዎን ይክፈልዎት። የእርስዎን ሥራ ማን ይሠራል?»

«ስልኳ ግን ዚፕ ተዘግቶበት ቦርሳዋ ውስጥ ነበር።»

ሳዲቅ በመስተዋቱ አያት።

«እንግዲያው ስልኩ አይደለም» አለ። «እኔማ ታች ነበርኩ፣ ምን አይቼ? ለልጆቹ ብዬ ነው እንደዚያ ያስመዘገብኩት። ምክንያት ካልተገኘ ሹርጣ አብሯት የነበረውን ሁሉ መፈለጉ አይቀርም።»

«ደግ አስበሃል።»

«ነፋሱ ነው የሚሆነው። እዚያ ላይ ኃይለኛ ነው። ያ አረንጓዴ ሻርፕ ፊቷ ላይ ተጠምጥሞባት መሬቱ ጠፍቷት ይሆናል።»

ሀምዲያ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች፣ «አላህ ይዘንላት» አለች።

«አሚን።»

የቀረውን መንገድ ሁሉ አልተነጋገሩም። ሲያወርዳት በሩን ራሱ ከፈተላት።

በማግስቱ፣ ሳዲቅ መስጊድ በሚሆንበት ሰዓት፣ ወደ ሀሰና ደወለች።

«እህቴ፣ ሳዲቅ ያን ቀን ከላይ ወርዶ መኪናው ጋ ሲደርስ ስንት ሰዓት ነበር?»

«ዘጠኝ ተኩል።»

«ሰዓት አይተሽ ነው?»

ሀሰና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ለጉልበቴ የምውጠው መድኃኒት እንቅልፍ አለው። መስኮቱን ሲመታው ነው የነቃሁት። "ዘጠኝ ተኩል ነው፣ ልብ በዪ" አለኝ።»

«ልብ በዪ አለሽ?»

«አዎ።»

«አደም ሬሳውን አይቶ የጮኸው ከዚያ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

«በኋላ። ብዙ ቆይቶ።» ትንፋሽዋ ይሰማል። «ሐጂያ፣ እየመጣ ነው» ብላ ዘጋችው።

ሀምዲያ ስልኩን እንደያዘች ቀረች። ሞት ገና ሳይሰማ ሰዓት የሚያስይዝ ሰው ምን ያውቅ እንደነበር ግልጽ ነበር። ግልጽ ያልሆነላት፣ አሁን ምን እንደምታደርግ ነው። በሟች ገላ ላይ የታየውን ያለመናገር ደንብ ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቃለች። ከአሮጊቲቱ መኝታ አጠገብ ቁጭ ብላ ለረጅም ጊዜ አሰበችበት። ደንቡ የሟችን ነውር ለመሸፈን ነው። እዚያ ክንድ ላይ ያለው ግን የዩስራ ነውር አይደለም።

ዓርብ ከዓስር በኋላ ለዩስራ ዱዓ እናድርግ ብላ ሁሉንም ጠራቻቸው። ሳዲቅ ሀሰናንና ዘሀራን ከጂዳ፣ አደምን ከባሕራ አሳፍሮ በራሱ መኪና አመጣቸው። የሀምዲያ ክፍል ጠባብ ናት፤ ጉልበት ለጉልበት ተነካክተው ተቀመጡ። ዱዓውን ያደረሰው ሳዲቅ ነበር። ድምፁ ያምራል። ዘሀራ አለቀሰች።

ዱዓው ሲያልቅ ሀምዲያ ፌስታሉን ከአልጋዋ ሥር አወጣችው።

«የምነግራችሁ አለ» አለች። «ዩስራ በስልኳ ራሷን ስታነሳ አልወደቀችም። ስልኩ ይኸው፤ ከነቦርሳው፣ ዚፑ ተዘግቶ ነው የመጣው። አዳልጧትም አልወደቀችም። በሁለቱም ክንዶቿ ላይ የሰው ጣት አለ። አራት በዚህ፣ አራት በዚያ። ሰው ፊት ለፊቷ ቆሞ በሁለት እጁ ይዟታል። እጁ ትልቅ ነው፤ የኔም የዘሀራም አልሞላውም። አደም፣ ቀኝ እጅህን አሳያቸው።»

አደም አሳየ።

«በዚህ እጅ አራት ጣት አይወጣም። እንግዲህ ከላይ ከነበሩት የሚቀረው ወርጄ ነበር የሚለው ሰው ነው።»

ሳዲቅ አልተንቀሳቀሰም። «ታች ነበርኩ፣ ሐጂያ። ሀሰና ታውቃለች።»

«ሀሰና ተኝታ ነበር። ሰዓቱን የነገርካት አንተ ነህ፤ ልብ በዪም ብለሃታል። የዚያን ጊዜ አደም ገና አልጮኸም። ሰው መሞቱን የሚያውቅ ማን ነበርና ነው ሰዓት የሚያዘው?» ቆም አለች። «ይህን ደግሞ ረቡዕ ለት ራስህ ነገርከኝ። አረንጓዴ ሻርፕ አልከኝ። አንተ ስትወርድ ዩስራ የለበሰችው ጥቁር ነው። አረንጓዴውን ዘሀራ ያለበሰቻት ከሄድክ በኋላ ነው። ስትገኝ ራሷ ላይ አልነበረም። አደም እንኳ አላየውም፤ ዘሀራም ለማንም አልተናገረችም። አረንጓዴ ለብሳ ያያት ወደ ተቀመጠችበት ቦታ የተመለሰ ሰው ብቻ ነው። ቋጥኙ ሥር ቆመህ ዘሀራ እስክትሄድልህ ጠብቀሃል።»

ዘሀራ አፏን በእጇ ያዘች። አደም ወደ ሳዲቅ ዞሮ ቀረ።

«ምን በደለችኝና?» አለ ሳዲቅ። «አገኘኋት እንኳ ገና ያን ቀን ነው።»

«አላወቅሃትም፤ እሷም አላወቀችህም። በዚያ ያለፉ ሴቶች ነግረውኛል፤ የየመኑ መጋዘን ውስጥ ሰው በስሙ አይጠራም ነበር፤ ጨለማ ውስጥ ተቆጠሩ ይባላሉ፣ ሁሉም ቁጥሩን ይናገራል። የገደሉ ቤት ውስጥ መብራት አስጠፍተህ ተቆጠሩ ስትል የመጋዘኑ ልማድህ ነው ያናገረህ። የሷም ልማዷ መለሰልህ። አሥራ ሰባት አለች። ያን ጊዜ እሷ ድምፅህን አወቀች፤ አንተም ማን እንደሆነች አወቅህ። እዚህ አገር ጋሼ ሳዲቅ ለመባል ስንት ዓመት ፈጅቶብሃል? በአንዲት ልጅ አፍ ሊፈርስ ነበር። ለምን አልጮኸችም እያልኩ ሳስብ ሰነበትኩ። አንተ ፊት መጮህ አልተፈቀደላትም ነበር።»

ከውጭ የልጆች ኳስ ከግድግዳ ጋር ሲላተም ይሰማ ነበር።

«ቁጥር ተሳሳተች» አለ ሳዲቅ። «ልጅ ናት፣ ፈራች፣ ቁጥር ተሳሳተች። በቁጥር ሰው ይከሰሳል?»

«አልተሳሳተችም» አለች ሀሰና።

ሁሉም ወደሷ ዞሩ። ከመጣች ጀምሮ አንድም ቃል አልተናገረችም ነበር። ጉልበቷን በሁለት እጇ እንደያዘች መሬት እያየች ነበር።

«እኔ ቁጥር ዘጠኝ ነበርኩ» አለች።

ከዚህ በኋላ ሳዲቅ መካድ ተወ። ፊቱ ላይ የታየው ድንጋጤ አልነበረም፤ ድካም ይመስል ነበር። አድርጎት የነበረውን የሶላት ኮፍያ አውልቆ ኪሱ ከተተ።

«ጨረስሽ?» አለ። እስከዚያች ደቂቃ ሀምዲያን አንቺ ብሏት አያውቅም። «እሺ። ሂጂ ንገሪ። ማን ይመሰክርልሻል? ዘሀራ ኢቃማ አላት? ሻርፕ ሰርቄ ነበር ብላ ትቀርባለች? አደም አለው? ጣቢያው በር ላይ ነው የሚይዙት። ሀሰና ሚስቴ ናት። አንቺስ ምን አየሽ? ሬሳ ነው ያየሽው።»

አደም ዘሎ አንገቱን ያዘው። ሳዲቅ አልታገለውም። እጆቹን እንኳ አላነሳም።

«ምታኝ» አለው። «ምታኝና ከሳሹ እኔ ልሁን።»

«አደም፣ ልቀቀው» አለች ሀምዲያ። ልቀቀው ስትል ድምፅዋ ለራሷም አስጠላት። «ልጄ፣ ልቀቀው።»

አደም ለቀቀው፤ ተቀመጠና ግንባሩን ከግድግዳው ጋር አጋጠመ።

ሳዲቅ የመኪናውን ቁልፍ አነሳ። «ያላ፣ ተነሺ» አላት ሚስቱን።

«ሀሰና፣ እዚህ እደሪ» አለች ሀምዲያ። «ቤቱ ያንቺ ነው።»

ሀሰና ግድግዳውን ተደግፋ ተነሳች። ጉልበቷ ስላልታዘዘላት ዘሀራ ደገፈቻት።

«ኢቃማዬ በሱ ነው፣ ሐጂያ» አለች። «ልጆቼም በሱ ናቸው።» ጫማዋን አድርጋ ተከተለችው።

ቅዳሜ ጧት ሀምዲያ ፌስታሉን ይዛ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። የተቀበላት መኮንን ትሑት ወጣት ነበር፤ ወንበር ሰጣት፣ ሙሉውን አዳመጣት። ከዚያ ሻርፑን ያለበሰቻት ልጅ የት እንዳለች፣ ቆጠራውን የሰማው ማን እንደሆነ ጠየቃት። ከመጡ ይታሰሩ እንደሆነ ጠየቀችው። ሕግ መሆኑን፣ በሕጉ ላይ እሱ ሥልጣን እንደሌለው ነገራት። የሚዋሽ ሰው አይመስልም። ያለ ምስክር ግን የሚጽፈው ነገር እንደሌለ እስክሪብቶውን አስቀምጦ አሳያት።

ስትወጣ አደም በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ሸሚዙን አጥቦ ለብሷል፤ ገና አልደረቀም።

«ከባሕራ በምን መጣህ?»

«በእግሬም በመኪናም።»

«ከገባህ አትወጣም፣ አደም።»

«አውቃለሁ» አለ። «ግን እኔም ሳቅሁባት።»

ገባ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ቃሉን ሰጠ፤ ማንበብ በማይችለው ጽሑፍ ሥር በሦስት ጣቱ ፈረመ። ከዚያው ወደ ማቆያው ወሰዱት። ሳዲቅ ሁለት ጊዜ ተጠርቶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ። ሀሰና ስትጠየቅ ባሏ ዘጠኝ ተኩል ላይ አጠገቧ እንደነበር ተናገረች። ዘሀራን ማንም አላገኛትም፤ የሳፋውን ክፍል ለቃ ስልኳን ቀይራለች። መዝገቡ አልተዘጋም፣ አልተከፈተምም። ሀምዲያ በየሳምንቱ እየሄደች ትጠይቃለች፤ ትሑቱ መኮንን ወንበር ይሰጣታል።

በሰባተኛው ሳምንት አደምን ከሌሎች ጋር በአውሮፕላን ወደ አገሩ ሰደዱት። ኮምቦልቻ በደረሰ በሦስተኛው ቀን ወረባቦ ወጣ፤ ከዚያ ሆኖ ለሀምዲያ ደወለ። ለዩስራ እናት ለዓይሻ ሁሉንም እንደነገራት፣ እሷ ግን ልጇን ያጠበችውን ሴት ማናገር እንደምትፈልግ ነገራት። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ነፋስ ይሰማል።

«አንቺ ነሽ?» አለች ዓይሻ።

«እኔ ነኝ፣ እህቴ።»

«ልጁ ሁሉን ነገረኝ። ሰውየው የት ነው ያለው?»

«ጂዳ ነው። መኪና ይነዳል።»

እናቲቱ ስለ ሰውየው ሌላ አልጠየቀችም።

«ሲራጄን ማን እንዳጠበው አላውቅም። መታጠቡንም አላውቅም። እሷን አንቺ ነሽ ያጠብሻት።»

«አዎ፣ በእጄ።»

«ውሃው ቀዝቃዛ ነበር?»

«አልነበረም» አለች ሀምዲያ። «ለብ ያለ ነበር። እዚህ አገር ውሃው ከቧንቧው ሞቆ ነው የሚወጣው።»